ከቡና ግንድ የሚወጣ ዘንዶ፦ የአርዌን በትር መቅረጽና መቀባት

ጅማ ውስጥ ሰው ቤት ስትገቡ ባለ ሦስት እግር በርጩማ አታጡም። አንድ ቀን ገልብጣችሁ እዩት። ሚስማር የለውም። ኮላ የለውም። እግሮቹም መቀመጫውም ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው። ጠራቢው እግር ሠርቶ አልገጠመም። እግር ያልሆነውን እንጨት አንስቶ እግሩን አስቀረው።

እኔ በትር መቅረጽ ስጀምር የያዝኩት ይህንን ነው። በበትር ላይ እባብ ለመጠምጠም ብዙ ሰው እባቡን ለብቻው ይሠራና በኮላ ይለጥፈዋል። ለጥቂት ወራት ያምራል። ክረምት ገብቶ እንጨቱ ሲያብጥ፣ በጋ መጥቶ ሲኮማተር ግን ኮላው ይለቃል። ባይለቅ እንኳ የተለጠፈ ነገር ያስታውቃል። እባቡ ከእንጨቱ ውስጥ መውጣት አለበት። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሳ ነው።

ሥራው ረጅም ነው። ቅርጹ የሁለት ሳምንት የማታ ሥራ ይሆናል። ቀለሙ አንድ ሳምንት። እንጨቱ እስኪደርቅ ግን ወራት መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ ዛሬ እንጨቱን አግኝታችሁ አስቀምጡ፤ እስኪደርቅ ድረስ ንድፉን ትሠራላችሁ።

ታሪኩ

የእኔ በትር የሚናገረው የአርዌን ታሪክ ነው። አርዌ በግዕዝ አውሬ ማለት ነው፤ አርዌ ምድር ሲባል ደግሞ እባብ። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ከሰሎሞን ዘር ነገሥታት በፊት አገሩን የሚገዛው አርዌ የሚባል ዘንዶ ነበር። ሕዝቡ ከብቱንና ልጃገረዶቹን ይገብርለታል። አጋቦስ የሚባል ሰው፣ አንዳንዶች አንጋቦ ይሉታል፣ ዘንዶውን እገድለዋለሁ ብሎ ተነሳ። ለፍየል መርዝ አበላ። ፍየሏን ለዘንዶው ሰጠ። ዘንዶው ውጦ ሞተ። ሕዝቡም አጋቦስን አነገሠ። ልጁ ማክዳ ናት፤ ንግሥተ ሳባ።

አተራረኩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በትግራይ በሚነገረው የዘንዶው ደም በልጅቷ እግር ላይ ጠብ ብሎ እግሯ የአህያ ኮቴ ሆነ ይባላል። ጨርቅ ላይ በትንንሽ ሳጥኖች ተከፋፍሎ የሚሳለውን የንግሥተ ሳባን ታሪክ ካያችሁ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች የዘንዶው ናቸው።

ሌላ ታሪክ መምረጥ ትችላላችሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ የሙሴና የአሮን በትር፣ በቁርአን የነቢዩ ሙሳ በትር እባብ ይሆናል። አሠራሩ ያው ነው። ለሐኪም ወዳጃችሁ ስጦታ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የግሪኩ የሕክምና አምላክ የአስክሊፒዮስ በትር አንድ እባብ ብቻ ነው ያለው፤ ክንፍ የለውም። ሁለት እባብና ክንፍ ያለው የሄርሜስ ነው። እሱ ደግሞ የመልእክተኞችና የነጋዴዎች ነው። ሁለቱን ማምታታት በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የኦሮሞ የክብር በትሮች የሆኑትን ሲንቄን፣ ቦኩን ወይም ሆሮሮን ለጌጥ ብላችሁ አትቅዱ። ሲንቄ ሴት ልጅ ስታገባ የምትቀበለው ነው፤ መብቷና ክብሯ ነው፤ ጠብ የሚበርድበት ነው። ቦኩ የአባ ገዳ ነው። እነዚህ ዛሬም በሥራ ላይ ያሉ የክብር ዕቃዎች ናቸው። ማንም ተነስቶ ቀለም የሚቀባቸው አይደሉም። መቋሚያም እንደዚሁ የማሕሌት ነው። የእናንተ በትር የራሱ መልክ ይኑረው።

እንጨቱ

የእኔ ምርጫ የቡና እንጨት ነው። ጅማ ላይ ሆኖ ሌላ መፈለግ ይከብደኛል። ያረጀ ቡና ምርቱ ሲቀንስ ገበሬው ይጎነድለዋል። ከመሬት 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርቶ ይቆርጠዋል፤ ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። የተቆረጠው ግንድ አብዛኛው ወደ ምድጃ ነው የሚሄደው። ጉንደላ የሚሠራው ለቀማ ካለቀ በኋላ በደረቁ ወራት ስለሆነ ለእኛም ይመቻል። በዚያ ወቅት የተቆረጠ እንጨት ውኃው ያነሰ ነው፤ ነፍሳትም አይቸኩሉበትም። አንድ ቡና ያለው ዘመድ ወይም ወዳጅ አታጡም። ሲጎነድል ንገረኝ በሉት።

የቡና እንጨት ፈዛዛ ቢጫ ነው። ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጅማቱ ረቂቅ ስለሆነ ትንሽ ነገር ስትቀርጹበት አይፈረፈርም። ቅርንጫፉን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ፊት ለፊት ያወጣል፤ ስለዚህ ጉጦቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመጣሉ። ይህንን ስትነድፉ ትጠቀሙበታላችሁ።

ስትመርጡ ቀጭኑ ጫፍ ቢያንስ 6 ሳንቲ ውፍረት ይኑረው። ከዚያ ከቀጠነ እባቡን የምታወጡበት ሥጋ አይኖረውም። ርዝመቱ 170 ሳንቲ ይሁን። የምንፈልገው 150 ነው፤ ከሁለቱም ጫፍ አሥር አሥር ሳንቲው ሲደርቅ ይሰነጠቃልና ይቆረጣል። ትንሽ ጎበጥ ቢል ችግር የለውም። እርጥብ እያለ ፍም ላይ እያገላበጣችሁ አሙቁት። ከዚያ በዛፍ ባላ መሃል አስገብታችሁ በቀስታ አቃኑት። በቀጥተኛ እንጨት ላይ አስራችሁ ተዉት።

ዋንዛም ጥሩ ነው። ለጀማሪ እንዲያውም ከቡና ይሻላል፤ ለመሮ ይታዘዛል። ነገር ግን አገር በቀል ዛፍ ነው፤ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም። ከአናጺ ቤት ቁራጭ ግዙ። ወይራ ከበድ ይላል፤ ስለቱን ቶሎ ያደንዘዋል። ባሕር ዛፍ ይጣመማል። ሸምበቆና ቀርከሃ ብዙውን ጊዜ ውስጣቸው ክፍት ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

ማድረቅ

ጅማ በዓመት ከ1,400 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። እንጨት እዚህ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ ይቸኩላል። እኔ የመጀመሪያውን ግንድ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሰጣሁት። በአራተኛው ቀን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀ። እንዲያ የሆነው ላዩ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ስለነበረ ነው። ላዩ የሚሄድበት ሲያጣ ተቀደደ።

ስለዚህ በተቆረጠ ዕለት ሁለቱን ጫፎች በቀለጠ ሻማ ድፈኑ። ውኃ ከጫፍ ነው በፍጥነት የሚወጣው። ቅርፊቱን ለአንድ ወር አትንኩት፤ እሱ ራሱ ያዘገየዋል። ከወር በኋላ ላጡት፤ ቅርፊት ስር ነፍሳት ይራባሉ። ነፋስ የሚገባበት ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ በሦስት ቦታ ደግፋችሁ አጋድሙት። ግድግዳ ላይ ካስደገፋችሁት ይጎብጣል።

መድረሱን በግምት አትወስኑ። በየወሩ ሱቅ ወስዳችሁ አስመዝኑትና ክብደቱን እዚያው እንጨቱ ላይ ጻፉ። ክብደቱ በየወሩ ይቀንሳል። ሁለት ወር ተከታትሎ ያው ከሆነ ደርቋል። ለዚህ ውፍረት ከስድስት እስከ አሥር ወር ይፈጃል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ቀጭን ስንጥቅ ሊመጣ ይችላል። ክብ ግንድ ሲደርቅ ወደ መሃሉ ከሚኮማተረው ይልቅ በዙሪያው የሚኮማተረው ይበልጣል። ስለዚህ የሆነ ቦታ ይከፈታል። አትጣሉት። ከራሱ እንጨት የወጣ ደቃቅ ሰጋቱራ ከእንጨት ኮላ ጋር ለውሳችሁ ሙሉት። ንድፉን ስታዞሩም ስንጥቁ በዘንዶው ራስ ላይ እንዳይውል አድርጉ።

ሌላው የምነግራችሁ ስለ ቅቤ ነው። ዱላና ሽመል ሲሠራ ቅቤ ወይም ስብ መቀባት የቆየ ልማድ ነው። ለሚያዝ ዱላ ግሩም ነው። ቀለም ለሚቀባ በትር ግን አይሆንም። ስብ የጠጣ እንጨት ላይ ቀለም አይዝም፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። የምግብ ዘይትም ያው ነው።

ንድፍ

በትሩን በአእምሯችሁ ከታች ወደ ላይ ክፈሉት። የታችኛው 35 ሳንቲ ባዶ ይቆይ። ከዚያ 60 ሳንቲ የዘንዶው ገላ ነው። ቀጥሎ 10 ሳንቲ ለአንገቱና ለራሱ። ከራሱ በላይ 20 ሳንቲ እጅ የሚይዝበት ልሙጥ ቦታ። ከዚያ 15 ሳንቲ ለሥዕል የሚሆን ጠፍጣፋ ፊት። የቀረው 10 ሳንቲ ጉልላቱ ነው። እጅ ከዘንዶው ራስ በላይ እንዲውል ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። በትሩን የያዘ ሁሉ አርዌን ከታች አድርጎ ይይዛል።

መጠምጠሚያውን በዓይን ግምት አትሳሉ፤ ይዛነፋል። እንዲህ አድርጉ። በበትሩ ቁመት አራት ቀጥ ያሉ መስመሮች አስምሩ፤ ዙሪያውን እኩል ለአራት የሚከፍሉ። የዘንዶውን 60 ሳንቲ ደግሞ በየ15 ሳንቲው በቀለበት ክፈሉት። አራት ዙር ማለት ነው። ከጋዜጣ 2.5 ሳንቲ ስፋት ያለው ጥብጣብ ቁረጡና ቀጣጥሉት። ተልጦና ደርቆ ውፍረቱ 5 ሳንቲ ለሆነ በትር የዙሪያው ልክ 15.7 ሳንቲ ነው። አንዱ ዙር ሰያፍ ስለሚሄድ ወደ 21.7 ሳንቲ ይወስዳል። ለአራት ዙር 87 ሳንቲ። ለ6 ሳንቲ በትር ዙሩ ወደ 24 ሳንቲ ይደርሳል፤ አራቱ 96 ያህል። አንድ ሜትር ጥብጣብ ቢኖራችሁ ለሁለቱም ይበቃል።

ጥብጣቡን ጠምጥሙ። በአንድ ዙር አራቱንም መስመሮች በየ3.75 ሳንቲው ከፍ እያለ ማቋረጥ አለበት። ካቋረጠ ልክ ነው። በፕላስተር ያዙትና ግራና ቀኙን በእርሳስ ተከተሉ። ጥብጣቡን አንሱ። አሁን ገላውን ሕይወት ስጡት። ጅራቱ አንድ ሳንቲ ይቅጠን። መሃሉ ሦስት ይድረስ፤ ፍየሏን የዋጠበት ነው። አንገቱ ሁለት። ገላው አንድ ዓይነት ውፍረት ካለው ቱቦ ነው የሚመስለው። ጉጦች ካሉ ከገላው ስር ወይም ከጀርባው ላይ እንዲውሉ በትሩን እያዞራችሁ ፈልጉ።

መቅረጽ

የሚያስፈልጋችሁ ብዙ አይደለም። መጋዝ፣ ሞረድ፣ ስለቱ አጭር የሆነ ጠንካራ ቢላዋ፣ አንድ ሳንቲ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ መሮና አንድ ጎድጓዳ መሮ። የእንጨት መዶሻ። መሳያ ድንጋይ። መርካቶ ያሉት የብረታ ብረትና የሕንፃ ዕቃ ሱቆች ውስጥ ይገኛሉ። ስለት ላይ አትቆጥቡ። ዱልዱም መሮ ነው ሰውን የሚቆርጠው፤ በኃይል ስትገፉት ያመልጣል። በየሃያ ደቂቃው መሞረድ ልማድ ይሁን።

በትሩ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ። ሞርሳ ካላችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እሰሩት። ከሌላችሁ ወንበር ላይ ሁለት ጎድጎድ ያሉ እንጨቶች ቸንክራችሁ በትሩን አስተኙበት። ገመድ በላዩ አሳልፉና ጫፉን በእግራችሁ ርገጡት። እግር ሲረግጥ ይያዛል፤ ሲለቅ ይዞራል። በጭናችሁ መሃል ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ፈጽሞ አትቅረጹ። ጭን ውስጥ ትልቅ የደም ሥር አለ። በማይቆርጠው እጅ ላይ ወፍራም ጓንት አድርጉ።

መጀመሪያ በእርሳሱ መስመር ላይ ቢላዋውን አቁማችሁ ሦስት ሚሊ ያህል ጥለቅ ብላችሁ ቁረጡ። ይህ ቁርጥ ግድግዳ ነው። መሮ ከሜዳው መጥቶ ወደ ዘንዶው ገላ እንዳይገባ ያቆመዋል። ከዚያ ሜዳውን፣ ማለትም በዙሮቹ መሃል ያለውን፣ በጠፍጣፋ መሮ ዝቅ አድርጉ። ግድግዳው ጋ ስትደርሱ ፍላጩ ራሱ ይነሳል። እንደገና ግድግዳውን አጥልቁ፤ እንደገና ዝቅ አድርጉ። ሜዳው 6 ሚሊ ዝቅ ካለ በቂ ነው። የ6 ሳንቲ በትር መሃሉ 4.8 ሳንቲ ይቀረዋል፤ አይሰበርም።

አሁን ገላውን ማድቦልቦል። እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚፈተነው። የእንጨቱ ጅማት በቁመቱ ነው የሚሄደው፤ ገላው ግን ሰያፍ ነው። ስለዚህ የላይኛውን ጎን ወደ ላይ፣ የታችኛውን ጎን ወደ ታች ነው የምትቀርጹት። ሁልጊዜ ከጀርባው ከፍታ ወደ ሜዳው ቁልቁል። በተቃራኒው ከሄዳችሁ መሮው ጅማቱን ቀድዶ ከገላው ቁራሽ ያነሳል። አንዴ ቢነሳ ፍላጩን አትጣሉት። ወዲያው በኮላ መልሱና አስራችሁ እስከ ማግሥቱ ተዉት። የራሱ ፍላጭ ስለሆነ ቦታውን ያውቃል።

ራሱን በመጨረሻ ሥሩ። ስትነድፉ ለራሱ ሰፋ ያለ እንጨት አስቀሩ፤ 6 ሳንቲ ርዝመት፣ ከአራት ያላነሰ ስፋት። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አንድ የታወቀ ሥርዓት አለ። ቅዱሳንና ደጋግ ሰዎች ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሳላሉ። ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን። አርዌ ክፉ ነው። ስለዚህ ራሱን በጎን አስተኙት፤ በትሩ ላይ ተለጥፎ አንድ ዓይኑ ብቻ ወደ ውጭ ይታይ። አፉን በትንሹ ክፈቱት። ምላሱን ነጥላችሁ አታውጡ፤ ይሰበራል። በሜዳው ላይ በቀለም ይሳላል።

የዘንዶውን ገላ ቅርፊት ከመምታታችሁ በፊት እንጨቱን አለስልሱ። በብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80፣ ከዚያ 120፣ ከዚያ 240። ሁልጊዜ በጅማቱ ቁመት። አቧራው ደቃቅ ነው፤ ማስክ አድርጉ። ለቅርፊቱ ትልቅ ሚስማር አንሱና ጫፉን በሞረድ የጨረቃ ቅርጽ አስይዙት። በቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሩ። ከዚያ ጀርባው ላይ ረድፍ በረድፍ በቀስታ ምቱ። የሁለተኛው ረድፍ ጨረቃ በመጀመሪያው ረድፍ ክፍተት ይውላል። ገላውን ሁሉ አትሙሉት። ከአንገቱ እስከ ሁለተኛው ዙር ጥቅጥቅ ይበል፤ ወደ ጅራቱ እየሳሳ ይጥፋ። ሆዱ ልሙጥ ይሁን። ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ጠፍጣፋውን ፊትና ጉልላቱን ቶሎ ትጨርሳላችሁ። ፊቱን ከበትሩ ፊት ለፊት በመሮ አስተካክላችሁ 4 ሳንቲ ስፋት እስኪኖረው ላጡት። ጉልላቱን እንደ ጀበና ክዳን ክብ አድርጉት።

በቡና ማቅለም

ቀለም ከመግባቱ በፊት ሜዳው ይቀለማል፤ በቡና። አራት የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ቡና በሁለት ስኒ ውኃ ግማሹ እስኪተን አፍሉት። አቦሉ ነው የሚፈለገው፤ በረካ ለዚህ አይሆንም። አጥልላችሁ አቀዝቅዙት። በጨርቅ ሜዳውን፣ መያዣውንና የታችኛውን ክፍል ብቻ ቀቡ። ሲደርቅ ድገሙት። ሦስት ጊዜ ከተቀባ ፈዛዛው እንጨት ማር መሰል ቡናማ ይሆናል። የቡና እንጨት በቡና ሲቀለም ማየት ያስደስተኛል።

ውኃ የእንጨቱን ፀጉር ያቆማል፤ ስትነኩት ይሻክራል። አትደንግጡ። በደንብ ከደረቀ በኋላ በቁጥር 320 በስሱ አለስልሱት። ሌሊቱን ይደር።

ቀለም

አክሪሊክ ቀለም ምርጥ ነው። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ውስጥ በትንንሽ ቱቦ ይገኛል። ካጣችሁ ጥሩ የግድግዳ የውኃ ቀለም ከማቅለሚያው ጋር ይሆናል። የዘይት ቀለምና የውኃ ቀለም አትደባልቁ። ከዘይት ቀለም በላይ የውኃ ቀለም አይዝም።

ከስር ነጭ ያስፈልጋል። ነጩን በውኃ አቅጥኑና ገላው ላይ ሁለት ጊዜ፣ ጠፍጣፋው ፊት ላይ ሦስት ጊዜ ቀቡ። በየመሃሉ በ320 በስሱ ንኩት። ወፍራም አንድ ጊዜ ከመቀባት ቀጭን ሦስት ጊዜ ይሻላል። ወፍራሙ የመታችሁትን ቅርፊት ይደፍነዋል። በደረቅ ቀን በአንድ ሰዓት ይደርቃል። በክረምት ግን ግማሽ ቀን ጠብቁ።

የዘንዶው ጀርባ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጎኑ አረንጓዴ፣ ሆዱ ቢጫ ነው የኔ። አረንጓዴውን ለማጥቆር ጥቁር አትጨምሩ፤ ይሞታል። ጥቂት ቀይ ጠብ አድርጉበት። ይጠቁራል፤ ሕይወቱ ግን ይቀራል። ጀርባው ሲደርቅ ብሩሹን በቢጫ ነክራችሁ ጨርቅ ላይ ጥረጉት። የቀረችውን ጥቂት ቀለም በቅርፊቱ ላይ በስሱ አሳልፉ። ከፍ ያለው ብቻ ይይዛል፤ የተመታው ጎድጓዳ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ጊዜ ሁሉም ቅርፊት ብቅ ይላል።

ጠፍጣፋው ፊት ላይ አጋቦስን ወይም ማክዳን ሳሉ። ፊቱ ሙሉ፣ ዓይኖቹ ትልልቅ፣ ሁለቱም የሚያዩ። በአገራችን ሥዕል መጀመሪያ ቀለሙ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሞላል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ጥላና ብርሃን ብዙ አይፈልግም። በመጨረሻ ጥቁር መስመር ይዞራል። ሥዕሉ የሚቆመው በመስመሩ ነው። ጥቁሩን እንደ መጻፊያ ቀለም በውኃ አቅጥኑት። ትንሿን ጣት በትሩ ላይ አሳርፉ፤ እጅ አይንቀጠቀጥም። መስመሩን በአንድ ትንፋሽ ጎትቱት። በየመሃሉ ካቆማችሁ ያስታውቃል።

ቤታቸው የሰው ምስል የማይሰቅሉ ብዙ ናቸው፤ ጅማ ውስጥም ብዙ አሉ። ለእነሱ የምትሠሩ ከሆነ ጠፍጣፋው ፊት ላይ ቀይ ፍሬ የያዘ የቡና ቅርንጫፍ ሳሉ። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ ፍሬው ከቅጠሉ ብብት ላይ ይሰበሰባል። በጣም ያምራል። ዘንዶው ከስር፣ ቡናው ከላይ።

የዘንዶውን ዓይን ከሁሉ በኋላ ቀቡ። ነጭ፣ ከዚያ ቀይ ቀለበት፣ መሃሉ ጥቁር። ጥቁሩ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነጥብ። የት እንደምታርፍ አስቡበት። ነጥቧ ወደ ላይ ከሆነች ዘንዶው መያዣውን፣ ማለትም የያዘውን እጅ ያያል።

ቫርኒሽና መጨረሻው

ቀለሙ ሦስት ቀን ይደር። ቫርኒሹን መጀመሪያ በቁራጭ ላይ ሞክሩ፤ አንዳንዱ ነጩንና ሰማያዊውን ቢጫ ያደርገዋል። በውኃ የሚቀጥነው ለዚህ ሥራ የተሻለ ነው። በአኳራጅ የሚቀጥነውን ከተጠቀማችሁ መስኮት ክፈቱ፤ ከእሳትም ራቁ። ዝናብ በሚጥልበት ቀን አትቀቡ። እርጥብ አየር ቫርኒሹ ላይ ነጭ ጉም ይጥላል። ጉልላቱ ላይ ትንሽ ባለ ቀለበት ቡሎን አስገብታችሁ በትሩን ጣሪያ ላይ አንጠልጥሉት፤ ሁሉንም ጎን በአንድ ጊዜ ትቀባላችሁ። ሦስት ቀጭን ሽፋን ይበቃል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መሃል በቁጥር 400 በስሱ ዳስሱት፤ ሥዕሉን ግን አትንኩ። ከሦስተኛው በኋላ ሳምንት ሳይሞላው እጅ አይንካው።

በትሩን ግድግዳ ላይ የምትሰቅሉ ከሆነ በሁለት ኩላብ ላይ አጋድሙት። ጥግ ላይ የሚደገፍ በትር በዓመታት ይጎብጣል። ፀሐይ ፊት ለፊት የሚገባበት ቦታ አይሁን፤ የቡናው ቀለም ይፈዛል። መሬት ላይ የሚቆም ከሆነ ታችኛው ጫፍ ላይ ከብረት ቧንቧ የተቆረጠ 3 ሳንቲ ቀለበት አልብሱት። ቀለበቱ ጠበብ ይበል። እንጨቱን በሞረድ አቅጥናችሁ፣ ቀለበቱን ፍም ላይ አሙቃችሁ በጉጠት ያዙና አስገቡት። ወዲያው ውኃ ውስጥ ንከሩት። ሲቀዘቅዝ ይጨብጠዋል።

ቀለበቱ ከመግባቱ በፊት ግን የበትሩን መርገጫ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱና ዓመተ ምሕረቱን በግዕዝ ቁጥር በመርፌ ጫፍ ቅረጹበት። አጠገቡ ቡናው የተቆረጠበትን ቀበሌ ስም። ከዚያ ቀለበቱን ምቱ።